የቤተሰብ ዓምድ፦ በቅጠል ጅማት ዙሪያ ያለው የሥራ ክፍፍል



በናይሮቢ ከተማ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ሰፈሮች አንዱ ኪሌሌሽዋ ነው። በዚያ ሰፈር በኢትዮጵያዊቷ ገበታ ላይ የጤፍ እንጀራና ጎመን ሲቀርብ፣ በኬንያዊት ጎረቤቷ ገበታ ላይ ደግሞ ከበቆሎ ዱቄት የሚገነፋው ኡጋሊና «ሱኩማ ዊኪ» የሚባለው ጎመን ይቀርባል። የዚህ ስም ፍች በስዋሂሊ «ሳምንቱን ግፋ» ማለት ነው። ደመወዝ እስኪደርስ ቤት ማሻገር ምን እንደሆነ ለእህቶቻችን ማስረዳት አያሻንም።

በሁለቱም ገበታዎች ላይ ግን ፀሐይንና ውሃን በተለያየ ስልት የሚጠቀሙ ሁለት ዓይነት ተክሎች ጎን ለጎን ቀርበዋል። ጤፍና በቆሎ በአንድ ወገን፣ ጎመን በሌላ ወገን ይሰለፋሉ። የልዩነቱም ምንጭ የሚገኘው በቅጠላቸው ጅማት ዙሪያ ነው።

እንደሚታወቀው የቅጠል ጅማት ሁለት ዓይነት መተላለፊያ አለው። አንደኛው ውሃና ማዕድን ከሥር ወደ ቅጠል ያመጣል፤ ሁለተኛው በቅጠሉ የተዘጋጀውን ስኳር ወደ ፍሬ፣ ወደ ግንድና ወደ ሥር ያደርሳል። እነዚህን መተላለፊያዎች እንደ አጥር የከበቡ ሕዋሳት አሉ። በጎመን፣ በስንዴና በሩዝ ቅጠል የእነዚህ ከባቢ ሕዋሳት ምግብ የመሥራት ድርሻ አነስተኛ ነው። በጤፍ፣ በበቆሎ፣ በማሽላና በዳጉሳ ግን ዋናው ወጥ ቤት እነርሱ ናቸው። ውጫዊዎቹ ሕዋሳት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ይዘው፣ በአሲድ መልክ ወደ ውስጥ ያቀብላሉ፤ ከባቢዎቹም ተቀብለው ስኳር ይሠሩበታል። ሃች እና ስላክ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1966 በአውስትራሊያ ሸንኮራ አገዳን በማጥናት ገልጸውታል። ጋዙ በጅማቱ ዙሪያ ስለሚከማች፣ ተክሉ የቅጠሉን ቀዳዳዎች አብዝቶ መክፈት አያስፈልገውም፤ በመሆኑም በሙቀት ጊዜ ውሃ ይቆጥባል።

ከዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በአንድ ቅጠል ውስጥ ያሉ ሕዋሳት የያዙት የጂን መዝገብ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ጎረቤታሞቹ ስለምን የተለያየ ሥራ ይሠራሉ? በአንድ የጦር ክፍል ሁሉም የሚተዳደሩበት ደንብ አንድ ነው፤ ነገር ግን ዘብ ጠባቂው፣ ሬዲዮ ኦፕሬተሩና ስንቅ አከፋፋዩ በየምድባቸው የሚፈጽሙት የየራሳቸውን አንቀጽ ነው። ሕዋሳትም እንዲሁ ናቸው፤ የሚለያያቸው ከመዝገቡ ውስጥ የሚነበበው ገጽ ነው።

የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው ሶልክ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተሙት ጥናት፣ በጨለማ የበቀሉ የሩዝና የማሽላ ቡቃያዎች ብርሃን ሲያገኙ በየሕዋሱ የትኞቹ ጂኖች እንደሚነቁ መዝግበዋል። የጅማት ከባቢ ሕዋሳትን ለይቶ የሚያዝዘው ሥርዓት በሩዝም በማሽላም ውስጥ መኖሩን ተረዱ። በማሽላ ግን ምግብ ከሚሠሩት ጂኖች አያሌዎቹ በረጅም የዘር ጉዞ ውስጥ በዚሁ ነባር ሥርዓት ትእዛዝ ሥር ገብተዋል። አዲስ አዛዥ አልተሾመም፤ ለነባሩ አዛዥ ተጨማሪ ጦር ተመደበለት እንጂ።

ይህ ግኝት ከቤተ ሙከራ ያለፈ ትርጉም አለው። ሩዝና ስንዴ የሚሊዮኖች እህል ናቸው። አዛዡ በሩዝ ውስጥም አስቀድሞ ካለ፣ የጎደለው ምግብ ሠሪዎቹን ጂኖች በእርሱ ሥር ማሰለፍ ነው ማለት ነው። ይህ ከተሳካ ሙቀት በሚበረታበትና ዝናብ በሚያጥርበት ዘመን እህሉ በጥቂት ውሃ የተሻለ ምርት ሊሰጥ ይችላል። ሥራው ቀላል አይደለም፤ ተመራማሪዎች ግን ለዓመታት ይዘውት በመድከም ላይ ናቸው። ገበሬዎቻችን ለብዙ ትውልድ ሲዘሩት የኖሩት ጤፍ ግን ይህን ጥበብ በቅጠሉ ይዞ ቆይቷል።

እህቶቻችን ከጓሮ አንድ የበቆሎና አንድ የጎመን ቅጠል ቀንጥሰው ከልጆቻቸው ጋር ወደ ፀሐይ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ። የጎመኑ ጅማት እንደ መረብ የተጠላለፈ ሲሆን፣ የበቆሎው ቀጥ ብሎ ተቀራርቦ የተሰለፈ ነው። በበቆሎ ቅጠል በሁለት ጅማቶች ከባቢዎች መካከል ብዙውን ጊዜ የሚገኙት ሁለት ውጫዊ ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ አቀባይና ተቀባይ ሳይራራቁ ይሠሩ ዘንድ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ እያንዳንዱ በምድቡ ሲቆም የሁሉም ማዕድ ይሞላል።