እንዳሁላ አይገዛም

ለጌጥ ተክል ገንዘብ ማውጣት ነውር ነው አልልም፤ ለእንዳሁላ፣ ለእሬትና ለቅንጭብ ሲሆን ግን ይገርመኛል። ውሃ በሥጋቸው የሚያጠራቅሙት እነዚህ ዕፅዋት ከጎረቤት ደጃፍ እየተቆረጡ በልመና ሲባዙ የኖሩ ናቸው። በአዲስ ከተማ፣ ግቢው ለልብስ ማስጫ እንኳ በማይበቃበት ሰፈር፣ ባዶ የቀለም ጣሳ ከምናለሽ ተራ ይገዛል፤ ተክሉ ግን «እትዬ፣ ከእንዳሁላዎ አንዲት ቅርንጫፍ ይቁረጡልኝ» ተብሎ ይለመናል። ዋጋ የማይጠራለት ነገር በጠፋበት መርካቶ (ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር የምውል ሰው ይህን ብል አትፍረዱብኝ) ይህ ወግ እንዲቆይልን እሻለሁ።

ቁራጭን የሚገድለው ችኮላ ነው። ቁስሉ ሳይደርቅ ይተከላል፤ በዚያው ዕለት ውሃ ይጠጣል፤ ይበሰብሳል። የእንዳሁላ ግንድ ጥላ ሥር ጥቂት ቀናት፣ ወፍራም ቅንጭብ ደግሞ ሳምንት ያህል ተጋድሞ ቁስሉ ሊጠግግ ይገባል። ከዚያ ከሥሩ በተበሳ፣ አሸዋ በበዛበት ጣሳ ይተከል፤ ውሃው ጥቂት ቀናት ይዘግይ። ሐምሌና ነሐሴን አልመክርም፤ መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትመለስ ይሻላል። የቅንጭብ ነጭ ወተት ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሕፃናት አይቅረቡ፤ እጅም ይታጠብ።

እሬት ለብቻው ነው። ቅጠሉን ቆርጠው የሚተክሉ ብዙዎች ናቸው፤ ውሃ የሞላው ቅጠል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥር ሳያወጣ ይበሰብሳል። ከእናቲቱ ግርጌ የሚበቅለውን ልጅ ከነሥሩ መለየት ነው መንገዱ። ልጅ የማያወጡ የእሬት ዓይነቶችም ስላሉ እነርሱ በዘር ይባዛሉ። በአገራችን ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዝርያዎች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ ከኢትዮጵያ ውጪ አይበቅሉም። ስለዚህ ከገደላቸው እየነቀሉ ለከተማ ሰገነት ማምጣትን ከግዢውም አብልጬ እቃወማለሁ።

የሰፈር ቤት ፈርሶ ነዋሪው ወደየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን የቅንጭቡ አጥር ተከትሎት አይሄድም። አንድ ክንድ የማትሞላ ቁራጭ ግን በጋዜጣ ተጠቅልላ ትሄዳለች፤ ሳይተክሏት ሳምንት ብትቆይም አትሞትም። አራተኛ ፎቅ ላይ ጣሳ ውስጥ ቆማ፣ የማታውቃት አዲስ ጎረቤት «ይቺ ምንድን ናት?» ስትል፣ መልሱ «የእትዬ እገሊት እንዳሁላ» ነው። ያቺ ጎረቤት ቅርንጫፍ ብትለምን፣ እባካችሁ፣ ስሙንም ጨምራችሁ ስጧት።