ታንኳው ባህላችን፤ ታንኳ ሠሪውስ?

ፀሐይ እየጠለቀች ነው፤ ጣና ወርቅ ፈስሶበታል፤ መሐል ላይ አንድ ሰው በደንገል ታንኳ ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል። ይህን ፎቶግራፍ ያላየ ኢትዮጵያዊ ካለ እጁን ያውጣ! በየሆቴሉ ግድግዳ፣ በየካላንደሩ፣ በየጉዞ ወኪሉ ወረቀት ላይ አለ። ከሥሩም «ጥንታዊ ባህላችን» ተብሎ ይጻፍበታል። እሺ፣ ባህላችን ይሁን። ግን የሚቀዝፈው ሰውዬ ማነው? ታንኳውንስ ማን አሰረው? ፎቶውን የሚያሰራጨው አብዛኛው ሰው አያውቅም። የሚብሰው ደግሞ ለማወቅ አለመፈለጉ ነው።

በታንኳ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ነገደ ወይጦዎች ናቸው። የጣና ዳር ሕዝብ ናቸው፤ ጉማሬ ሲያድኑ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ፣ ደንገል ሲቆርጡ፣ ወፍጮ ድንጋይ ሲጠርቡ የኖሩ። የራሳቸው ቋንቋ ነበራቸው፤ ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት። ለዚህ ሁሉ ሙያቸው እኛ የከፈልናቸው ንቀት ነው። እነሱ ሙስሊም ነን ቢሉም ጉማሬ በሊታ ናቸው ተብሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ለዘመናት ከማዕዳቸው ሸሸ። «ወይጦ» የሚለው ስም ብቻውን እንደ ስድብ የሚወረወርበት ጊዜ አልፏል የሚል ካለ ወደ ሐይቁ ዳር ሄዶ ይጠይቅ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የአደን ባህላችን ነገር የሚገርም ነው። ፉከራና ሽለላችን በአዳኝ ቃል የተሞላ ነው። አንበሳ የጣለ ጎፈሩን ደርቦ ተሞገሰ፤ ዝሆንና ጎሽ የገደለ «ገዳይ» ተብሎ በሠርግና በግብር ላይ ስሙ ተጠራ። ጉማሬን በታንኳ ተጠግቶ በጦር የወጋውስ? እሱ ማዕድ የማይጋሩት ሰው ሆነ! ወገኖቼ፣ ልዩነቱ የድፍረት አይደለም። ጉማሬ ታንኳ ገልብጦ ሰው የሚገድል አውሬ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ለክብር፣ ሌላኛው ለእራቱ መግደሉ ነው። የጉማሬው ቆዳ ግን አልተናቀም። ጋሻና አለንጋ ተሠርቶበታል። ያ አለንጋ በማን ጀርባ ላይ ሲያርፍ እንደኖረ መገመት ብዙ ምርምር አይጠይቅም።

ያ አደን ዛሬ የለም። ጉማሬው ተመናምኗል፣ ሕጉም ከልክሏል፤ ይመለስ አልልም። ግን አንድ ነገር ይታወቅልኝ። በዚሁ አገር ዶላር የያዘ የውጭ ሰው ፈቃድ አውጥቶ፣ መሪና ተሸካሚ ቀጥሮ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን ለቀንዱ ሲል ሲገድል ለአሥርት ዓመታት ኖሯል። ስሙም «ስፖርታዊ አደን» ነው። ለምግብ ያደነው ኋላ ቀር፣ ለግድግዳ ጌጥ ያደነው ስፖርተኛ… ይኼ ሚዛን ከየት እንደመጣ የሚያስረዳኝ ባገኝ ደስ ይለኛል።

ወደ ዓሣው እንመለስ። በስብሰባ ላይ ደጋግሞ የሚባል ነገር አለ፤ «ሐይቁን የጨረሱት በባህላዊ መንገድ የሚያጠምዱት ናቸው»። ታሪኩ ግን እንዲህ አይደለም። ታንኳ በተፈጥሮው ልከኛ ነው። ከደንገል የተሠራ ስለሆነ ውሃ ይጠጣል፤ በየጊዜው ዳር ወጥቶ ፀሐይ መምታት አለበት፤ ዕድሜውም በወራት የሚቆጠር ነው። በእሱ ላይ ሆኖ ዳር ዳሩን ቆሮሶ ማጥመድ ይቻላል እንጂ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋውን ሐይቅ ማዳረስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1986 በተጀመረ የልማት ፕሮጀክት የሞተር ጀልባና ዘመናዊ የናይለን መረብ ወደ ጣና ገባ። የመጣው ለክፋት አልነበረም፤ ብዙ ቤተሰብ እንጀራ በልቶበታል። ነገር ግን ቀድሞ በታንኳ የማይደረስበት ውሃ ሁሉ ተከፈተ።

ሊቃውንቱ ላቤኦባርበስ የሚሉት የዓሣ ወገን በጣና ውስጥ አሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ ከጣና ውጭ በየትም አይገኙም። ይህን የመሰለ ሌላ ስብስብ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበረ፤ እሱ ጠፍቷል። ከጣናዎቹ ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ዕንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ። መጀመሪያ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ ያለውም እዚያው ይጠብቃቸዋል። የሚወልደውን ሳይወልድ መያዝ ማለት ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት በደቡባዊው የሐይቁ ክፍል በተደረገ ጥናት የእነዚህ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። በአሥር ዓመት! ታንኳ ስንት መቶ ዓመት ሐይቁ ላይ ኖሮ ያላደረሰው ጉዳት ነው።

አጥማጁ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። ዓሣ ለማስከር የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ መጨመርም «ባህል» ነው፤ ትንሹንም ትልቁንም አንድ ላይ የሚፈጅ ባህል ስለሆነ ለእሱ ጥብቅና አልቆምም። አሁን ደግሞ ሞኖፊላመንት የሚሉት ቀጭን ነጠላ ክር መረብ መጥቷል። ርካሽ ነው፣ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ቶሎ ይበጣጠሳል፤ ተበጥሶ የቀረውም ባለቤት በሌለበት ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። ታንኳ ያላቸውም ይጠቀሙበታል። ለምን? የሚያዘው ዓሣ ሲያንስ፣ የመረቡ ዋጋ ሲረክስ፣ ልጅ ደግሞ ማታ እራት ሲጠብቅ ሌላ ምን ይደረግ?

ታንኳው የሚሠራበት ደንገልስ? የፎገራ ሩዝ እየሰፋ ውሃ በሸሸ ቁጥር ዳሩ ይታረሳል። በከተማው በኩል ደግሞ ዳሩ ለሆቴልና ለመዝናኛ ይሰጣል፤ ደንገሉ ተመንጥሮ ሣር ይተከላል፤ ከዚያ በኋላ በእንግዳ መቀበያው አዳራሽ የታንኳ ፎቶ ይሰቀላል (ይኼን ቀልድ እኔ አልፈጠርኩትም)። በ2004 ዓ.ም. የተገኘው እምቦጭ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳር ወረረና የቀረውን ጨመረበት። በ2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናን ከዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዘገበው፤ አጨበጨብን። ደንገል ቆራጩ ግን የሚቆርጥበት ዳር ከዓመት ዓመት እየራቀበት ነው።

ስለዚህ «ባህላችን ይጠበቅ» ለምትሉ ሁሉ ጥያቄዬ ቀላል ነው፤ የምትጠብቁት ምኑን ነው? ሥዕሉን ከሆነ ተጠብቋል፤ ካሜራ ውስጥ አለ። ሥራውን ከሆነ ግን ሥራው ዳር ይፈልጋል፣ ደንገል ይፈልጋል፣ ዓሣ ይፈልጋል፣ የሚከበር ሠራተኛም ይፈልጋል። ማጠሪያ በሌለው የባህል ሳምንት አዳራሽ ውስጥ ታንኳ አቁሞ መጨብጨብ አንዱንም አያመጣም። (በነገራችን ላይ በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ይቆየን፤ ያን ሰሞን ፊሌቶውን የሚያዝዘው ከተሜ ግን ስለአጥማጁ ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም።)

ሕግ የለም እንዳይባል ደግሞ አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የጎደለው ሌላ ነው። ከሐይቁ ዳር የተወሰነው ለደንገል ተከልሎ፣ የሚቆርጡትና የሚንከባከቡት ባለታንኳዎቹ ራሳቸው ይሁኑ። ዳሩ ለማን ይሰጥ ተብሎ ሲመከር የነገደ ወይጦ ሰው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ፤ ለጭፈራ ብቻ አይጠራ። ሞኖፊላመንቱ ከአጥማጁ ታንኳ ላይ ብቻ ሳይሆን አስገብቶ ከሚሸጠው ነጋዴ መጋዘን ይያዝ። የወንዞቹ አፍ በዕንቁላል መጣያው ወቅት ይዘጋ፤ በእውነት ይዘጋ። እነዚያን ወራት መረብህን አንሳ የሚባለው አጥማጅ ደግሞ እስከ ጥቅምት ድረስ ቤተሰቡን በምን እንደሚያበላ መረቡን ሳያነሳ በፊት ይነገረው።