መንገዱ አንድ፤ ሰዓቱ ሁለት ይሁን

በሞተር ብስክሌት ፈጣኑና ዝግተኛው በአንድ ሰዓት አንድ መንገድ ከተጋፉ፥ ጉዳቱ ለሁለቱም ነው። ጀርመኖች በ1927 እ.ኤ.አ. የከፈቱትን የኑርቡርግሪንግ መወዳደሪያ፥ ውድድር በሌለበት ቀን መንጃ ፈቃድ ላላቸው ሞተረኞችም እስከ 2024 እ.ኤ.አ. በክፍያ ይለቁት ነበር። በሌሎችም መወዳደሪያዎች ነጂዎች እንደ ፍጥነታቸው ተከፍለው ብዙ ጊዜ በየተራ 20 ደቂቃ ይነዳሉ። በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» ጎዳና በሰዓት ሊከፈል እንደሚችል አሳይቷል።

ስለዚህ እኛ በቀሐ ዳር ያለን ተማሪዎች የምንለው ይህ ነው፤ ከጎንደር መንገዶች አንዱ እሑድ ማለዳ ይለቀቅ፤ መጀመሪያ የክለብ ተወዳዳሪዎች፥ ቀጥሎ ለመዝናናት የሚነዱ ይግቡ። «ጀማሪ ያደናቅፈናል» የሚል ተወዳዳሪ ትናንት ራሱ ጀማሪ ነበር። ተራ ከተያዘ ተወዳዳሪው ልምምዱን፥ ጀማሪውም ሕይወቱን አያጣም። የከተማው ሹማምንት እንዲያስቡበት እናሳስባለን።