ለፊልም ይሉኝታ አይበጀውም

ከጓደኞቼ ጋር «ዱን» ሁለተኛውን ክፍል ያየን ዕለት፣ ከመሀል ከተማ ሰብዌይ ይዘን ዳንፎርዝ ላይ ግሪንውድ ጣቢያ እስክንወርድ ድረስ ስንከራከር ነበር። አንዱ «ድምፁ አደነቆረኝ» ይላል፤ አንዷ «መጨረሻው ተቻኮለ» ትላለች። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ ያየናል፤ እኛ ግን አልሰማንም። በሳምንቱ እኛው ተሰብስበን አንድ የሀገራችንን ፊልም አየን። መብራት ሲበራ «እንዴት ነበር?» ተባለ። «አሪፍ ነው፤ በርቱ ነው የሚባለው።» አለቀ። ሻይ ተቀዳ፣ ሳምቡሳ ዞረ።

«በርቱ» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን አፈርኩ፤ ፊልሙ ከመሀሉ ጀምሮ አሰልችቶኝ ነበር። ስለ ሰው ፊልም አፋችንን ሞልተን እየተናገርን፣ የራሳችን ሲሆን ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ቃል የምንመርጠው ለምንድን ነው? መልሱ ይሉኝታ ይመስለኛል። ስለዚህ ዛሬ ይሉኝታዬን ትቼ ካየኋቸው ጥቂቶቹን በየዓይነታቸው ልናገር።

ከፍርድ ቤት ድራማ ልጀምር። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ርዕሱን ብቻ አስቡት፤ በአማርኛ ጀግንነትም ነው፣ መደፈርም ነው። ጠበቃዋ መዓዛ ግን ለእኔ ከሰው ይልቅ ወደ ሐውልት የተጠጋች ሆነችብኝ። ይበልጥ ስትሳሳት፣ ይበልጥ ስትደክም ባያት ደስ ባለኝ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለ ልጅቷ የሚመክሩበት ትዕይንት ግን ካየኋቸው የሆሊውድ የፍርድ ቤት ፊልሞች ሁሉ ይበልጥብኛል። ሰው የተሳሳተ ሐሳብ ባማረ አማርኛ ሲናገር መስማት ያስፈራል።

ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የሚወድ ካለ «ክራምብስ»ን (2015) ይይ። ዳይሬክተሩ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ነው፤ ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል። ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለች ኢትዮጵያ ናት፤ ሰማይ ላይ መርከብ ተንሳፍፎ ቆሟል፣ ሰዎቹ የፕላስቲክ መጫወቻን እንደ ጥንት ቅርስ ይገበያያሉ። ታሪኩ ስስ ነው፤ 68 ደቂቃዋም ረዝማብኛለች። አንዲት ጓደኛዬ ግን «ሀገራችንን ፍርስራሽ አድርጎ አሳየ» ብላ ተቆጣች። እዚህ ላይ አልስማማም። በፊልም ዓለም ስትጠፋ ሁልጊዜ ኒውዮርክ ብቻ ለምን ትፍረስ?

ዘጋቢ ፊልም ከሆነ የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» (2021) አለ። ጄሲካ ሐረር ያደገች ናት፤ ፊልሟም በጥቁርና ነጭ የተሠራ፣ ስለ ጫትና ጫት ስላጠላበት ኑሮ የሚናገር ነው። እንዲህ የሚያምር ምስል ከሀገራችን ወጥቶ አላየሁም። ነገር ግን ጭሱና ብርሃኑ እጅግ ከማማሩ የተነሣ፣ ከሱሰኛ አባት ጋር የሚኖረው ልጅ ሕመም በውበቱ ውስጥ እየሰመጠ ይጠፋብኛል። መጀመሪያ ሳየው እንቅልፍ ወስዶኛል፤ ሁለተኛ ሳየው ሌሊቱን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ኮሜዲ ላይ ስደርስ ሐሜቴ ይበዛል። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ዩቲዩብ ላይ የምትከፍታቸው የአዲስ አበባ የፍቅር ኮሜዲዎች ግማሾቹ አንድ ሶፋ ላይ የተቀረጹ ይመስላሉ፤ ሙዚቃው ከተመልካቹ ቀድሞ ይስቃል። ይህን ስነግራት «አንተ ዝም በል» ብላ በሳቅ ትፈርሳለች። ሳምንቱን ሙሉ ለፍታ መጥታ ነው። በዚህ ሁሉ ከተማ ለእሷ ተብሎ የተሠራ ቀልድ ስንት አለ? በዚህ ክርክር የምትረታኝ እሷ ናት።

መጨረሻ ላይ ያቆየሁት «ጤዛ»ን ነው። የኃይሌ ገሪማ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት አግኝቷል። 140 ደቂቃ ነው፤ ሕልሙና ትዝታው ሲደራረብ መንገዱ የጠፋብኝ ቦታ አለ። ከአባቴ ጋር ነበር ያየሁት። በ1970ዎቹ ጀርመን ያሉት ተማሪዎች ተሰብስበው ሲጨፍሩ፣ ሲከራከሩ፣ ከዚያም ሲጠማመዱ እየታየ አባቴ ድንገት «ይሄማ እንዲህ አልነበረም!» አለ። ፊልሙን አቆምነው። «ታዲያ እንዴት ነበር?» አልኩት። እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አወራን። ስለዚያ ዘመን ሃያ ዓመት ሙሉ ስጠይቀው «ተወው» የሚለኝ ሰው ነው። አፉን ያስከፈተው አድናቆት ቢሆን ኖሮ «ጥሩ ፊልም ነው» ብሎ ይተኛ ነበር። ያናገረው አለመስማማቱ ነው።

«በርቱ» ደግ ቃል ነው፤ ግን ወሬ ይዘጋል። ፊልም የሚሠራውም ሰው ቢሆን የት እንደሰለቸን ካልነገርነው በምን ያውቃል? የሰውን ሥራ ከቁም ነገር መቁጠር ማለት ተከራክሮ ማየት ነው።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በሚቀጥለው የማኅበራችን የፊልም ምሽት «በርቱ» ማለት ክልክል ይሁን። መብራት እንደበራ ሁሉም አንድ የወደደውንና አንድ የጠላውን ይናገር፤ ወላጅ ማምጣት የሚችልም ያምጣ። ሳምቡሳው ከክርክሩ በኋላ ይዙር። ቀድማችሁን የተመረቃችሁ እህት ወንድሞችም፣ «ድፍረት» ላይ ወይም «ክራምብስ» ላይ ተሳስተሃል የምትሉ ካላችሁ ጻፉልኝ። እባካችሁ ይሉኝታ ሳይዛችሁ።