መሣሪያው ያውቃል ብለን እኛ ሳናውቅ እንቅር?

በአገራችን ልማድ እንግዳ ደጃፍ ሲያንኳኳ በቀጥታ ሰተት ብሎ አይገባም፤ አስቀድሞ «ማን ልበል?» ይባላል። እንግዳውም ስሙንና የመጣበትን ጉዳይ ከተናገረ በኋላ እንደ ማዕርጉ ይስተናገዳል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የምናየው ኮምፒዩተርም ከዚህ ልማድ የራቀ አይደለም። ማውዝ ወይም ፕሪንተር በተሰካለት ጊዜ እርሱም «ማን ልበል?» ብሎ ይጠይቃል።

ውድ አንባብያን ሆይ! ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ባለፈው ዓመት የደረሰ አንድ ነገር ነው። በኮምፒዩተር ክፍላችን የነበረው አሮጌ ፕሪንተር ከአዲስ ኮምፒዩተር ጋር ቢገናኝ አልሠራ አለ። ወዲያው «ተበላሽቷል» ተባለና ዕቃ ቤት ገባ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ የቡድን ሥራችንን ከውጭ የምናሳትመው ከወላጆቻችን ኪስ በወጣ ገንዘብ ነበር። በመጨረሻ እኔና አንድ ጓደኛዬ መምህራችንን አስፈቅደን ተስማሚውን ድራይቨር ብንጭንለት ፕሪንተሩ በዚያው ቀን ማተም ጀመረ። እንግዲህ የጎደለው ዕቃ ሳይሆን ዕውቀት ነበር ማለት ነው።

ለመሆኑ ድራይቨር ምንድን ነው? ድራይቨር በኮምፒዩተሩ ዋና አስተዳዳሪ፣ ማለትም በኦፐሬቲንግ ሲስተሙና በመሣሪያው መካከል የሚቆም አስተርጓሚ ነው። በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ መሣሪያ ሁሉ ሁለት ቁጥሮችን በውስጡ ይዞ ይመጣል፤ አንደኛው የሠሪው ድርጅት መለያ ሲሆን ሁለተኛው የዕቃው ዓይነት መለያ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እነዚህን ቁጥሮች ከጠየቀ በኋላ በመዝገቡ ውስጥ ይፈልጋል፤ ቁጥሩን የሚያውቅ አስተርጓሚ ቢያገኝ እርሱን ይጠራል። ባያገኝ ደግሞ መሣሪያው ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ይመለከታል። ኪቦርድና ማውዝ ከአንድ ወገን፣ ፍላሽ ከሌላ ወገን ስለ ሆኑ፣ ሠሪያቸው ባይታወቅም እንኳ ለወገኑ ሁሉ የተዘጋጀ የጋራ አስተርጓሚ ይበቃቸዋል። ማውዝ የትም ተገዝቶ ወዲያው የሚሠራው፣ አሮጌ ፕሪንተር ግን ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ምቾት ከጥንት የነበረ አይደለም። ቀድሞ በግል ኮምፒዩተር ላይ አንድ የድምፅ ካርድ ለመጨመር የፈለገ ሰው በካርዱ ላይ ያሉትን ጥቃቅን መሰኪያዎች በእጁ እየነቀለና እየተከለ ቁጥር ይመርጥ ነበር። ጥሪ የሚተላለፍባቸው መስመሮች 16 ብቻ ስለ ነበሩ፣ ሁለት ካርዶች በአንድ መስመር ቢገናኙ ይጣላሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ዊንዶውስ 95 «ፕለግ ኤንድ ፕሌይ» የተባለውን ራሱን በራሱ የሚያሳውቅ አሠራር ይዞ ወጣ፤ በ1996 ደግሞ ዩ.ኤስ.ቢ. ተከተለ። ይህ ታላቅ መሻሻል መሆኑን የሚክድ የለም፤ እኔም አልክድም።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ጓደኞቼ «መሣሪያው ራሱ ካወቀ እኛ ለምን እንደክማለን?» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ አነጋገር በሁለት ምክንያት ስሕተት ነው።

አንደኛ፣ ኮምፒዩተሩ በመዝገቡ የሌለውን አስተርጓሚ ከኢንተርኔት ማምጣት አለበት፤ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ግን ከየት ያመጣል? ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ቁጥሩን አንብቦ የሚፈልግ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ኮምፒዩተሩ እንግዳው የነገረውን ስም ያምናል። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርስተን ኖልና ያኮብ ሌል የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ፍላሽ የሚመስል ዕቃ «እኔ ኪቦርድ ነኝ» ብሎ ገብቶ በባለቤቱ ስም ትእዛዝ ሊጽፍ እንደሚችል አሳይተዋል። ስሙን ዋሽቶ የሚገባን እንግዳ የሚጠረጥር አስተዋይ ባለቤት እንጂ የዋህ በረኛ አይደለም። ስለዚህ ከመንገድ ያገኘነውን ፍላሽ መሰካት፣ ድራይቨርንም ከሠሪው ድርጅት በቀር ከማይታወቅ ቦታ ማምጣት አይገባንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የኮምፒዩተር ክፍላችን አንድ መዝገብ ቢኖረው፣ በእርሱም የእያንዳንዱ መሣሪያ ሁለት ቁጥሮች ቢጻፉ፣ ድራይቨሮቹም ከሠሪዎቹ ዘንድ አንድ ጊዜ ተሰብስበው በአንድ ፍላሽ ቢቀመጡ መልካም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና የጥቂት ተማሪዎች ትጋት ብቻ ነው። መምህራኖቻችን ይህን ሥራ ለክበባችን ቢፈቅዱልን፣ ወላጆቻችንም «ተበላሸ» የተባለውን ዕቃ ከመጣላቸው በፊት አንድ ጊዜ ቢያስመረምሩ ብዙ ገንዘብ ይድናል።

ጓደኞቼ ሆይ! ማሽን ድካማችንን ቢቀንስልን ደስ ይበለን፤ ማሰባችንን ግን አንተውለት። በየዕቃ ቤቱ አቧራ ከለበሱት መሣሪያዎች መካከል ስንቶቹ በእውነት የሞቱ፣ ስንቶቹስ አስተርጓሚ ያጡ ብቻ እንደ ሆኑ የምናውቀው «ማን ልበል?» ብለን እኛም የጠየቅን እንደ ሆነ ነው።