ሁሉም ቁርጥማት አንድ አይደለም

በዱርቤቴና አካባቢዋ በቆሎ ሲኮተኩት፣ ዳጉሳ ሲያርም የከረመ ሰው መገጣጠሚያውን ሲያመው «ቁርጥማት ነው፤ ብርድ መታኝ» ብሎ ማለፉ የተለመደ ነው። ነገር ግን በዚህ አንድ ስም የሚጠሩት በሽታዎች ብዙ ናቸው፤ ሕክምናቸውም ለየቅል ነው።

ሥራ ሲበዛ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚቀል የጉልበት ሕመም በአብዛኛው ከመገጣጠሚያ መበላት የሚመጣ ነው። የሰውነት ክብደትን መቀነስና የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይረዳል። የሁለቱም እጆችዎ ጣቶች አብጠው ጠዋት ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ አልታዘዝ ካሉ፣ ይህም ለሳምንታት ከቀጠለ ግን የመገጣጠሚያ ብግነት (ሩማቶይድ አርትራይተስ) ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ ሳይታከም ከቆየ ጣትን ያጣምማል፤ የተጣመመውን ደግሞ ክኒን አያቃናውም። በጊዜ ከተደረሰበት እንደ ሜቶትሬክሴት ያሉ መድኃኒቶች ጉዳቱን ይገታሉ። ሜቶትሬክሴት ለዚህ ሕመም የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ የሐኪም ክትትልና የደም ምርመራም ይሻል።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ዳይክሎፌናክ ወይም ፕሬድኒሶሎን እየገዙ መዋጥ ሕመሙን ቢያስታግስም በሽታውን ይደብቃል። ሲዘወተር የመጀመሪያው ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ሁለተኛው አጥንትን ያሳሳል።

ስለዚህ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ የትኞቹን መገጣጠሚያዎች እንደያዘና ጠዋት ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለሐኪም ይንገሩ፤ ምርመራው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ወደ ባህር ዳር ሪፈር ከተጻፈልዎም «አዝመራው ይግባና» ብለው አያቆዩት።