የእንግሊዝኛ ጥናት፤ ግሡ ወዴት አለ?



አንድ የማውቀው ወጣት ጸሐፊ ለውጭ አገር ሰው አለቃው የፈቃድ መጠየቂያ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ደብዳቤው በሰላምታ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ጸሐፊው በመሥሪያ ቤቱ ስንት ዓመት እንዳገለገለ ይተርካል፤ ከዚያም እናቱ በገጠር መታመማቸውን፥ መንገዱም ሩቅ መሆኑን ያስረዳል። የአምስት ቀን ፈቃድ የሚለው ነገር የሚገኘው ከፊርማው በላይ ባለው በመጨረሻው መሥመር ነው። አለቃው ሁለት ሦስት መሥመር አንብበው የሕይወት ታሪክ መሰላቸውና ወረቀቱን ከሌሎች ወረቀቶች ሥር አኖሩት። ፈቃዱ የተገኘው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። በጠና ለታመመ ሰው ስምንት ቀን ብዙ ነው።

ደብዳቤውን አይቼዋለሁ፤ የሰዋስው ስሕተት አላገኘሁበትም። ነገር ግን ቃሉ እንግሊዝኛ ሲሆን አካሄዱ አማርኛ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። «ከበደ ትናንት ከገበያ የገዛውን በሬ» ብዬ ዝም ብል፥ ሸጠው፥ አረደው ወይስ ለወንድሙ ሰጠው፥ ማንም አያውቅም። «ሸጠው» ስል ነገሩ ይታሰራል። የአገራችን ሊቃውንት ይህን ግሥ ማሰሪያ አንቀጽ ማለታቸው ስለዚህ ነው። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ከጠራ በኋላ ወዲያው ግሡን ይናገራል፤ ከዚያ ተሳቢውን ያመጣል፤ «የገዛውን» የሚለውን ደግሞ «ዛት» ወይም «ዊች» በሚል ቃል አያይዞ ከበሬው በስተኋላ ያስከትለዋል። ቃል በቃል ብናስቀምጠው «ከበደ ሸጠው በሬውን፥ የገዛውን ከገበያ ትናንት» እንደ ማለት ነው። ለጆሯችን ይጐረብጣል፤ የኛም አካሄድ ለእነሱ እንዲሁ ነው።

በዚህ ላይ የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በውስጡ ይሸከማል፤ «ይዘንባል» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ባለቤት በሌለበት እንኳ «ኢት» የሚል ባለቤት ያቆማል። «ኢዝ ሬይኒንግ» ብሎ ጽፎ ቀይ መሥመር የተሰመረበት ተማሪ ብዙ ነው።

ከዓረፍተ ነገር ወደ ፓራግራፍ እንለፍ (አንቀጽ ያላልኩት ከማሰሪያ አንቀጽ ጋር እንዳይምታታ ነው)። በእንግሊዝኛ ድርሰት የፓራግራፉን ዋና አሳብ የሚሸከመው ዓረፍተ ነገር ቶፒክ ሴንተንስ ይባላል፤ ቦታውም አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ላይ ነው። የመላው ድርሰት ዋና አሳብ ደግሞ ቲሲስ ይባላል፤ እሱንም ተማሪው በመግቢያው እንዲያስታውቅ ይጠበቅበታል። የኛ ማመልከቻ ግን ምክንያቱን ሁሉ ደርድሮ «ስለዚህ በማክበር አመለክታለሁ» የሚለውን ወደ መጨረሻ ያኖራል። ምክንያት ሳያስቀድሙ መጠየቅ በኛ ዘንድ ድፍረት ይመስላል። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ጥያቄው ሲዘገይበት ጊዜው የባከነበት ይመስለዋል።

ይህ የትምህርት ቤትና የቢሮ ሕግ እንጂ የታላላቅ ደራስያን ሕግ ነው አልልም። «ኤሴይ» የሚለው ቃል ራሱ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ሙከራ ማለት ነው። ፈረንሳዊው ሞንቴኝ በ1580 (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር) ድርሰቶቹን በዚሁ ስም ሲያሳትም አሳቡን ወዲያና ወዲህ እያንሸራሸረ ነበር የጻፈው። እንግሊዞችም ቢሆኑ ዋናው አሳብ እስከ መጨረሻው ሳይጠናቀቅ የሚቆይበት ዓረፍተ ነገር አላቸው፤ ፒሪዮዲክ ሴንተንስ ይሉታል። ዋናውን አስቀድሞ ዝርዝሩን የሚያስከትለው ሉዝ ሴንተንስ ይባላል። ሚልተን በ1667 ያሳተመው «ፓራዳይዝ ሎስት» ሲከፈት የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ዋና ግሥ የሚመጣው በስድስተኛው መሥመር ነው! አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሲያነብ ቤቱ የገባ ያኽል ሊሰማው ይገባል። እናንተም በድርሰታችሁ ውስጥ አንድ ጊዜ፥ አንባቢውን ልታስጠብቁት በፈለጋችሁበት ቦታ፥ ብትጠቀሙበት ያምርባችኋል። በፈቃድ ደብዳቤ ላይ ግን አደራ!

ያ ወጣት ጸሐፊ ዛሬ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲጽፍ አስቀድሞ እንደ ልማዱ ያረቅቃል፤ ከዚያ የመጨረሻውን መሥመር አንሥቶ ከራስጌ ያኖረዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሌላ እርማት አያስፈልገውም።

ለመልመጃ ይህችን ወደ እንግሊዝኛ መልሷት፤ «አባቴ ለትምህርቴ ብሎ የሸጠውን በሬ ዛሬ በጎረቤታችን ማሳ ላይ ሲያርስ አየሁት።» ከመጻፋችሁ በፊት ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ፈልጉ፤ አባትየውም በሬውም አይደለም። መልሱን በሚመጣው ሳምንት እናስተያያለን።